የአሜሪካን ፕሬዚዳንት በሥራና በኢኮኖሚ ውጤቱ መተቸት፦ በመጀመሪያው መልስ የማይፈርስ ትችት ደረጃ በደረጃ

ብዙ ሰው የአሜሪካን ፕሬዚዳንት በኢኮኖሚ ጉዳይ ሲተች በመጀመሪያው መልስ ይረታል። «በእሱ ዘመን ሥራ ጠፋ» ይላል። ሌላው «የጠፋው እሱ ከመምጣቱ በፊት ነው» ይለዋል። ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ብዙ ጊዜ ትችቱ ውሸት ሆኖ አይደለም። ቁጥሩ ከየትኛው ወር እንደሚጀምር፣ ምን እንደሚለካና የማን እጅ እንዳለበት አስቀድሞ ስላልተጣራ ነው።

ይህ መመሪያ ለየትኛውም ፕሬዚዳንት ይሠራል። ለምትደግፉትም ጭምር ሞክሩት። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ከፖለቲከኛ ንግግር ወይም ከማኅበራዊ ሚዲያ ምስል ላይ ቁጥር አትውሰዱ። እነዚህን ገጾች ክፈቱ፤ ሁሉም ነጻ ናቸው፦

- የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ፦ ለሥራ፣ ለሥራ አጥነት፣ ለደመወዝና ለዋጋ ንረት።
- የኢኮኖሚ ትንተና ቢሮ፦ ለአገር ውስጥ ጠቅላላ ምርት።
- «ፍሬድ» የተባለው የሴንት ሉዊስ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የመረጃ ቋት፦ የሁሉንም ቁጥሮች ግራፍ በአንድ ቦታ ታገኛላችሁ። በግራጫ የተቀቡት ጊዜያት የኢኮኖሚ ድቀት የነበረባቸው ናቸው።

ከዚያ ኤክሴል ወይም ወረቀት አዘጋጁ። ለእያንዳንዱ ቁጥር አራት ነገር መዝግቡ፦ የቁጥሩ ስም፣ ወሩ፣ ያወረዳችሁበት ቀን፣ ገጹ። ያወረዳችሁበትን ቀን አትዝለሉ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 2 ላይ ታያላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ወቅታዊ መዋዠቅ የተስተካከለበትን ቁጥር ምረጡ። ያልተስተካከለውን ከወሰዳችሁ በየጃንዋሪው «ሚሊዮኖች ሥራ አጡ» የሚል ግራፍ ይወጣላችኋል። ያ የበዓል ሰሞን ቅጥር ማብቃቱ እንጂ የፕሬዚዳንቱ ጥፋት አይደለም።

ደረጃ 1፦ ክሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«ኢኮኖሚውን ገደለው» ሊለካ አይችልም። ስለዚህ ሊረጋገጥም ሊስተባበልም አይችልም። ዓረፍተ ነገራችሁ አራት ነገር ይያዝ፦ ምን ሆነ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ከምን ጋር ሲነጻጸር፣ በየትኛው ውሳኔ ምክንያት።

አራተኛውን መሙላት ካቃታችሁ የያዛችሁት «በዘመኑ ሆነ» የሚል ነው። «እሱ አደረገው» የሚል አይደለም። «በዘመኑ ሆነ» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም። አንዱን በሌላው ስም ማቅረብ ግን ትችቱን ያፈርሰዋል።

ደረጃ 2፦ ሁለቱን ቆጠራዎች አትደባልቁ

የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየወሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓርብ፣ አንድ ዘገባ ያወጣል። በዘገባው ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጥናቶች አሉ።

የመጀመሪያው 60,000 ገደማ ቤተሰቦችን ይጠይቃል። የሥራ አጥነት ምጣኔ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሁለተኛው ከ100,000 በላይ ቀጣሪዎችን ይጠይቃል። ዜና ላይ የምትሰሙት «በዚህ ወር ይህን ያህል ሥራ ተጨመረ» የሚለው ከዚህኛው ነው። በግሉ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያው ይቆጠራል፤ በሁለተኛው አይቆጠርም። ሁለት ቦታ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ደግሞ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

*ሁለቱ ጥናቶች ከተጋጩ፦* ለክሳችሁ የሚመቸውን አትምረጡ። የአንድ ወር ልዩነት ብዙ ጊዜ የናሙና መዋዠቅ ነው። የስድስት ወር ወይም የአንድ ዓመት ለውጥ ተመልከቱ።

*ትናንት ያያችሁት ቁጥር ዛሬ ከተለወጠ፦* አትደንግጡ፤ «ተጭበረበረ» ብላችሁም አትጩኹ። የቀጣሪዎቹ ቁጥር በተከታዮቹ ሁለት ወራት ሁለት ጊዜ ይከለሳል፤ ምክንያቱም መልሳቸውን ዘግይተው የሚልኩ ድርጅቶች አሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ቀጣሪዎች ለሥራ አጥ መድን ከሚያቀርቡት መዝገብ ጋር ይመሳከራል። በኦገስት 2024 የወጣው የመጀመሪያ ግምት እስከዚያ ዓመት ማርች ድረስ የተቆጠረው ሥራ በ818,000 እንደሚቀነስ አመለከተ። በፌብሩዋሪ 2025 የመጨረሻው ሲወጣ ቅናሹ ወደ 600,000 ገደማ ሆነ። በኦገስት 1 ቀን 2025 ደግሞ የሜይና የጁን ቁጥሮች በድምሩ በ258,000 ዝቅ ተደረጉ፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕም በዚያው ቀን የቢሮውን ኃላፊ አባረሩ። በባይደን ጊዜም በትራምፕ ጊዜም ክለሳው ወደ ታች ሊሄድ እንደሚችል ከዚህ ታያላችሁ። ክለሳ የቆጠራው አንድ ክፍል ነው። ለሴራ ማስረጃ አድርጋችሁ ካቀረባችሁት የቀረው ጽሑፋችሁም አብሮ ይወድቃል።

*ግራፉ ላይ ክፍተት ካያችሁ፦* የኦክቶበር 2025 የሥራ አጥነት ምጣኔ የለም። መንግሥት በበጀት ውዝግብ ተዘግቶ ስለነበር የቤተሰቦቹ ጥናት በዚያ ወር አልተሰበሰበም። ክፍት ይተዉት፤ በግምት አትሙሉት።

ደረጃ 3፦ መነሻና መድረሻ ወር ቁረጡ

አብዛኛው ትችት የሚሰበረው እዚህ ነው። ቀስ ብላችሁ ሂዱ።

1. ፕሬዚዳንቱ ቃለ መሐላ የፈጸሙበትን ጃንዋሪ መነሻ አድርጉ። ጥናቶቹ የሚመለከቱት የወሩ 12ኛ ቀን ያለበትን ሳምንት ወይም የደመወዝ ጊዜ ነው። ቃለ መሐላ የሚፈጸመው በ20 ነው። ስለዚህ የጃንዋሪ ቁጥር አዲሱ ፕሬዚዳንት የተረከቡት ነው፤ የሠሩት አይደለም።
2. መድረሻውን ተተኪው የሚረከቡበት ጃንዋሪ አድርጉ።
3. በመሃል ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ነጥብ ለብቻ መዝግቡ።
4. ክሳችሁን በሁለት የተለያዩ መነሻዎች አስሉት። በአንዱ ብቻ የሚቆም ከሆነ ያንን ራሳችሁ ጻፉት፤ ሌላ ሰው እስኪያወጣው አትጠብቁ።

መነሻ ወር ምን ያህል እንደሚለውጥ ተመልከቱ። ኦባማ በጃንዋሪ 2009 ሲረከቡ የሥራ አጥነት ምጣኔው 7.8 በመቶ ነበር። በኦክቶበር 2009 ወደ 10 በመቶ ወጣ። በጃንዋሪ 2017 ሲያስረክቡ 4.7 በመቶ ነበር። ከጃንዋሪ 2009 ከተቆጠረ በዘመናቸው የተጨመረው ሥራ ከ11 ሚሊዮን በላይ ነው። ሥራው እስከ ዝቅተኛው ነጥብ ከወረደበት ከፌብሩዋሪ 2010 ከተቆጠረ ወደ 16 ሚሊዮን ይጠጋል። ደጋፊዎች ሁለተኛውን፣ ተቺዎች የመጀመሪያውን ይጠቅሳሉ። ሁለቱም እውነት ናቸው።

የትራምፕም የመጀመሪያ ዘመን እንዲሁ ነው። ከጃንዋሪ 2017 እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ከ6 ሚሊዮን በላይ ሥራ ተጨመረ። በኤፕሪል 2020 በኮቪድ ምክንያት በአንድ ወር ከ20 ሚሊዮን በላይ ሥራ ጠፋ። በጃንዋሪ 2021 ሲያስረክቡ ከተረከቡት ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ያነሰ ሥራ ነበር። ከ1929 እስከ 1933 ፕሬዚዳንት ከነበሩት ከኸርበርት ሁቨር ወዲህ እንዲህ ያለ ጉድለት አልታየም። «ሥራ አጥፍቶ የሄደ ፕሬዚዳንት» የሚለው በቁጥር ትክክል ነው። ወረርሽኙን ሳይጠቅስ የሚጻፍ ከሆነ ግን አንባቢን ያሳስታል።

የባይደንን ዘመን ደግሞ ተመልከቱ። ከጃንዋሪ 2021 እስከ ጃንዋሪ 2025 ከ15 ሚሊዮን በላይ ሥራ ተጨመረ። አብዛኛው በወረርሽኙ የጠፋው መመለሱ ነው። ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው ከፌብሩዋሪ 2020 ስትለኩት ጭማሪው ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። «የተመለሰ» እና «አዲስ» ብላችሁ ለዩት።

ደረጃ 4፦ በሥራ አጥነት ምጣኔ ብቻ አትፍረዱ

ሥራ አጥ ተብሎ የሚቆጠረው ሥራ የሌለው፣ ለመሥራት ዝግጁ የሆነና ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ የፈለገ ሰው ነው። ተስፋ ቆርጦ መፈለግ ያቆመ አይቆጠርም። በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሠራ ደግሞ «ሥራ ያለው» ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ምጣኔው ሰዎች ሥራ ስላገኙ ብቻ ሳይሆን መፈለግ ስላቆሙም ሊወርድ ይችላል።

ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ወደ ሌላኛው ጽንፍ ይሮጣሉ። በ2015 እጩ የነበሩት ትራምፕ እውነተኛው ሥራ አጥነት እስከ 42 በመቶ ሊሆን ይችላል ብለው ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር ላይ ለመድረስ ጡረተኛውን፣ ተማሪውንና ቤት ልጅ የሚያሳድገውን ሁሉ ሥራ አጥ ማለት ያስፈልጋል።

የሥራ ኃይል ተሳትፎ ምጣኔም (ከአዋቂው ሕዝብ ሥራ ያለው ወይም ሥራ የሚፈልገው ድርሻ) በጥንቃቄ ይያዝ። በኦባማ ዘመን ከ66 በመቶ ገደማ ወደ 63 በመቶ ገደማ ወርዷል። «ሰው ከሥራ ገበያ ሸሸ» ብሎ መክሰስ ቀላል ነው። ግን ከ1946 እስከ 1964 የተወለደው ብዙ ሕዝብ በዚያው ጊዜ ጡረታ መውጣት ጀምሮ ነበር። ተሳትፎውም በ2000 ጫፍ ከደረሰ ወዲህ እየወረደ ነበር።

መፍትሔው ይህ ነው፦ ፍሬድ ላይ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 54 ከሆኑት ውስጥ ሥራ ያላቸውን ድርሻ ፈልጉ። ጡረታንና ትምህርትን በአብዛኛው ያስወጣላችኋል። ለኔ ከሁሉም የሚሻለው ቁጥር ይህ ነው። በ2007 መጀመሪያ 80 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2010 ወደ 75 በመቶ ወረደ። በጃንዋሪ 2017 ደግሞ 78 በመቶ ገደማ ነበር። አሁን በኦባማ ላይ ጠንካራ ትችት ያዛችሁ፦ የሥራ አጥነት ምጣኔው ወደ 4.7 በመቶ ቢወርድም፣ በሥራ ዕድሜ ያለው ሕዝብ ከስምንት ዓመት በኋላም ከድቀቱ በፊት ወደነበረበት አልተመለሰም። «ሕዝቡ ስላረጀ ነው» በሚል መልስ አይፈርስም፤ በአንድ ቁጥር ብቻም አልተንጠለጠለም።

*ተጠንቀቁ፦* የሙሉ ሰዓት ሥራ እየፈለገ ያጣውንና ተስፋ የቆረጠውን የሚጨምር ሰፊ መለኪያም አለ። የአንዱን ፕሬዚዳንት ሰፊ መለኪያ ከሌላው ጠባብ መለኪያ ጋር አታነጻጽሩ። ይህ ስህተት በየምርጫው ይደጋገማል።

ደረጃ 5፦ ደመወዝን ከዋጋ ጋር አያይዙ

ሥራ ያለው ሰው ሁሉ ኑሮ ተመችቶታል ማለት አይደለም። በባይደን ዘመን የሥራ አጥነት ምጣኔ በ2023 መጀመሪያ 3.4 በመቶ ደርሶ ነበር። ቀደም ብሎ ግን በጁን 2022 ዓመታዊ የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ሆኖ ነበር፤ በ40 ዓመት ያልታየ ነው። በአራቱ ዓመታት በድምሩ ዋጋ ወደ 21 በመቶ ጨመረ። ንረቱ ወረደ ማለት ዋጋው ወረደ ማለት እንዳልሆነ ለአንባቢ ግልጽ አድርጉ። ቤት ኪራይና ምግብ የሚከፍል ሰው የሚሰማው የተጠራቀመው ነው። ትችታችሁም በዚህ ላይ ቢቆም ፍትሐዊ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የአማካይ የሰዓት ክፍያን ጭማሪ በመቶኛ አውጡ። የዋጋውን ጭማሪ ለተመሳሳይ ወራት አውጡ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንሱ።

*ውጤቱ እንግዳ ከሆነባችሁ፦* መነሻ ወራችሁን ፈትሹ። በኤፕሪል 2020 አማካይ የሰዓት ክፍያ በአንድ ወር 4.7 በመቶ ዘለለ። ማንም ደመወዝ ጨምሮ አይደለም። በሬስቶራንት፣ በሆቴልና በሱቅ በዝቅተኛ ክፍያ ይሠሩ የነበሩት ስለተባረሩ የቀሩት አማካይ ከፍ አለ። ዝቅተኛ ተከፋዮቹ ሲመለሱ አማካዩ ተጎተተ። ጃንዋሪ 2021 ላይም ይህ መዛባት ገና አልጠፋም ነበር። የባይደንን የደመወዝ ውጤት ከዚያ ወር ብቻ የሚጀምር ስሌት ከእውነቱ የባሰ አድርጎ ያሳያል። የትራምፕን የመጨረሻ ዓመት ደግሞ ከእውነቱ የተሻለ ያደርገዋል። ከፌብሩዋሪ 2020 ጀምራችሁም አስሉና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ።

የአክሲዮን ገበያን ተዉት። የሥራ መለኪያ አይደለም።

ደረጃ 6፦ የፕሬዚዳንቱ እጅ የቱ ላይ እንዳለ ለዩ

እስካሁን የሰበሰባችሁት ምን እንደሆነ ይናገራል። ማን እንዳደረገው አይናገርም። አሁን ወረቀቱን ሦስት ቦታ ክፈሉት።

*የራሳቸው ውሳኔ።* ታሪፍ፣ አስፈጻሚ ትእዛዞች፣ የፌዴራል ሠራተኛ ቅነሳ፣ የስደተኞች ሕግ አፈጻጸም፣ የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሹመቶች። እዚህ ላይ ትችት ሙሉ በሙሉ ለእሳቸው ይደርሳል።

*ከኮንግረስ ጋር የሠሩት።* የኦባማ የ2009 ማነቃቂያ ሕግ፣ 787 ቢሊዮን ዶላር። የትራምፕ የ2017 የግብር ሕግ፣ የድርጅቶችን ግብር ከ35 ወደ 21 በመቶ ያወረደው። የባይደን የ2021 የ1.9 ትሪሊዮን ዶላር የኮቪድ ማገገሚያ ሕግ። ፕሬዚዳንቱ ፈርመዋል፤ ኮንግረስም ድምፅ ሰጥቷል። ስም ስትጠሩ ሁለቱንም ጥሩ።

*ከእጃቸው ውጭ የሆነ።* የወለድ ምጣኔን የሚወስነው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ ነው። የሬገንን ዘመን አስቡ። በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነት 10.8 በመቶ ደረሰ። ወለዱን ከፍ አድርጎ የያዘው የፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀመንበሩ ፖል ቮልከር ነበር፤ የሾሙት ደግሞ ካርተር በ1979። የራሱን በጀትም አዲስ ፕሬዚዳንት ዘግይቶ ነው የሚጀምረው፤ የፌዴራል የበጀት ዓመት የሚጀምረው በኦክቶበር 1 ነው። አዲስ ፕሬዚዳንት የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወራት የሚሠራው በዋናነት በቀድሞው በጀት ነው።

አሁን የድንበር ፈተና አድርጉ፦ ያው ችግር በሌሎች አገሮችም ታይቷል? በጁን 2022 አሜሪካ 9.1 በመቶ ስትመታ ብሪታንያ 9.4፣ የዩሮ አገሮች 8.6 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ንረቱን ሁሉ በባይደን ላይ መጫን አይያዝም። በተቃራኒው «የዓለም ችግር ነው» ብሎ 1.9 ትሪሊዮኑን ነጻ ማውጣትም አይቻልም፤ ፍላጎትን ከፍ ያደረገ ገንዘብ ነው። ክሱን አጥብቡት፦ «ንረቱን ፈጠረ» ሳይሆን «አቅርቦት በተዘጋበት ሰዓት ፍላጎትን ጨመረ» በሉ። ሲጠብ ይጠነክራል።

ደረጃ 7፦ የተነገረውን ቃል ከውጤቱ ጋር ግጠሙ

ምክንያት መፈለግ ሲከብዳችሁ ይህ ጥሩ መንገድ ነው። መለኪያውን ያወጡት እነሱ ራሳቸው ስለሆኑ ማምለጫው ጠባብ ነው። ሙሉ ንግግሩን አግኙ፣ ቁጥሩን፣ የጊዜ ገደቡንና ቅድመ ሁኔታውን ቅዱ።

በ2012 ኦባማ በአራት ዓመት አንድ ሚሊዮን አዲስ የፋብሪካ ሥራ የሚል ግብ አስቀመጡ። በሁለተኛው የሥልጣን ዘመናቸው የተጨመረው ግማሹም አልደረሰም። ይህ ንጹሕ ትችት ነው።

ከዚህ የሚከብደው የ2009 ትንበያ ነው። የኦባማ ኢኮኖሚስቶች በጃንዋሪ 2009 ያወጡት ወረቀት ማነቃቂያው ከጸደቀ ሥራ አጥነት 8 በመቶ እንደማያልፍ ያሳይ ነበር። 10 በመቶ ደረሰ። «ስለዚህ ማነቃቂያው ከሸፈ» የሚለው ክስ ለዓመታት ተደጋገመ። ቀኖቹን ስታዩ ግን ይሰነጠቃል። የፌብሩዋሪ 2009 ምጣኔ 8.3 በመቶ ነበር፤ ጥናቱ የተመለከተው 12ኛው ቀን ያለበትን ሳምንት ነው። ሕጉ የተፈረመው በ17። ማለትም 8 በመቶ የታለፈው አንድ ዶላር ሳይወጣ ነው። በ2008 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ኢኮኖሚው በዓመታዊ ስሌት በ3.8 በመቶ ወረደ ተብሎ ነበር፤ በኋላ ሲከለስ ከ8 በመቶ በላይ ሆነ።

ታዲያ ትችቱ ሞተ ማለት ነው? አይደለም። በትክክል ይጻፍ፦ «ቡድኑ የጉዳቱን ጥልቀት አሳንሶ ገመተ፤ ያልነበረውን እርግጠኝነት ለሕዝብ ሸጠ፤ መጠኑም በዚያ የተሳሳተ ግምት ተለካ።» ይህን ማንም በቀን ቆጠራ አያፈርሰውም።

ደረጃ 8፦ በተቃዋሚያችሁ ዓይን አንብቡት

ረቂቁን ፕሬዚዳንቱን ለሚደግፍ ሰው ስጡ። «የቱን ዓረፍተ ነገር ትጥላለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። እሱ ከሌለ ራሳችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

- የፓርቲውን ስም ብለውጠው ይህንኑ ክስ እጽፈዋለሁ?
- ግራፉ ከዜሮ ካልጀመረ ለአንባቢ ነግሬያለሁ?
- ጠቅላላው ተሻሽሎ የተጎዳ ወገን ካለ ለይቻለሁ? የጥቁር አሜሪካውያን የሥራ አጥነት ምጣኔ ለብቻ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ከነጮቹ እጥፍ ገደማ ነው። አማካዩ ይህን ይሸፍናል።
- በዘመኑ የተሻሻለ ነገር ካለ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥቼዋለሁ?

*አንባቢያችሁ አንዱን ቁጥር ከጣለ፦* ዓረፍተ ነገሩን አውጡና ክሱ ያለ እሱ ይቆም እንደሆነ እዩ። ካልቆመ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱና ክሱን አጥብቡ። ተጨማሪ ቁጥር በመደርደር ለመሸፈን አትሞክሩ።

ደረጃ 9፦ ካወጣችሁት በኋላ

ከጽሑፉ ግርጌ «ቁጥሮቹ የተወሰዱት በዚህ ቀን ነው» ብላችሁ ጻፉ። በየፌብሩዋሪው ዓመታዊው ክለሳ ሲወጣ ኤክሴላችሁን ክፈቱና አዲሱን ቁጥር በአሮጌው ጎን አስገቡ። ልዩነቱ መደምደሚያውን ካልነካ ቁጥሩን ብቻ አርሙና የታረመበትን ቀን ጨምሩ። መደምደሚያውን ከቀየረ እርማቱን ከላይ፣ ከርዕሱ ሥር አድርጉት። የድሮውን ቁጥር አታጥፉት፤ ሰርዛችሁ ከጎኑ አዲሱን ጻፉ። ጽሑፉን አስቀድመው ላጋሩ ሰዎችም የታረመውን ላኩላቸው።